ነጥቡ ያረፈበት ገጽ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ የሚያምሽ የቀኙ ይሁን የግራው ሁልጊዜ ይምታታብኛል፤ የትኛውም ይሁን እንደተሻለሽ ተስፋ አለኝ። የስፌት መኪናሽስ ተጠገነች? ባለፈው በስልክ ስናወራ ክር ትበጥሳለች ብለሽኝ ነበር። አንቺ መኪናዋን ስታሚ የሰማ ሰው ምራትሽን የምታሚ ነው የሚመስለው። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ። ደህና የሚባለው ይኼ ከሆነ በጣም ደህና ነኝ።

ደብዳቤ የጻፍኩልሽ በስልክ የማይሆን ነገር ስላለኝ ነው። በስልክ ብጀምረው ቶሎ ብለሽ ተወው፣ ምንም አይደለም ትይኛለሽ፤ እኔም እሺ ብዬ እተወዋለሁ። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግን ታውቂያለሽ። ወረቀቱን ግን መሃል ላይ አታቋርጪውም። ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ነገሩ የመጽሐፉ ነገር ነው። ስለ እናታችን የጻፍኩት መጽሐፍ ከወጣ እነሆ አምስት ወር ሆነው። አምስት መቶው ቅጂ አልቋል፣ አሳታሚው ሁለተኛ ላትመው ነው፣ የምታርመው ካለ እስከ ወሩ መጨረሻ አምጣ ብሎ ደወለልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጨፍራል። እኔ ስልኩን ዘጋሁና የጀመርኩትን ሰው ሠራሽ የመንጋጋ ጥርስ መሞረዴን ቀጠልኩ። ማደንዘዣ የተወጉ ሰዎች ጉንጫቸውን በጣታቸው እየነካኩ የእኔ አይደለም ሲሉ እሰማለሁ። እኔም እንደዚያ ነኝ። ሰው ሲያመሰግነኝ የሚያመሰግነው ሌላ ሰው ይመስለኛል።

የሚታረመውን ለማወቅ ያነበበ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። መጠየቁ አልከበደኝም፣ እውነቱን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ እንጂ። ያነበበውም ያላነበበውም አበጀህ ይለኛል። አብሮ አደጌ የሂሳብ አስተማሪው፣ ድሮ ቤታችን እየመጣ ዳቦሽን የሚጨርስብሽ፣ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት አለኝ። የቱ ጋ ደከመህ ስለው የትም አለ። የቱን ወደድክ ስለው ሁሉንም። ለተማሪዎቹ መልስ ብቻ ጽፋችሁ አትምጡ፣ አሠራሩን አሳዩኝ እያለ የሚጮህ ሰውዬ! አክስታችን ደግሞ ሽፋኑን ሳመችና ከብርጭቆዎቿ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። እንዳይቆሽሽ ነው አለችኝ። ይሉኝታ የሌለው ሰው ፈልጌ፣ በደህናው ጊዜ የምሸሻቸው ሰዎች ቤት ሁሉ ሄድኩ። እነሱም አመሰገኑኝ።

ይኼን በሽታ ከሥራዬ አውቀዋለሁ። አዲስ ጥርስ የተገጠመለትን ሰው ተመችቶዎታል ወይ ብለሽ ብትጠይቂው ተመችቶኛል ነው የሚልሽ። ፊትሽን አይቶ፣ የደከምሽበትን አስቦ፣ ድዱ እየቆሰለ ተመችቶኛል ይላል። አለቃዬ ሐኪሟ ግን አታምናቸውም። ሰማያዊ ቀለም ያለው ቀጭን ወረቀት በላይና በታች ጥርሳቸው መሃል ታስገባና ንከሱ ትላቸዋለች። ከፍ ያለው ጥርስ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ይቀራል። ጥርሱ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣል፣ እኔም ነጥብ ያለበትን ብቻ እሞርዳለሁ።

በዚህ ሁሉ ዓመት ሰማያዊውን ወረቀት ያላስነከስነው እናታችንን ብቻ ነው። ጥርሷን በእጄ ሠርቼ፣ በመሐረብ ጠቅልዬ፣ ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዤ አመጣሁላት። ተመቸሽ ስላት ተመችቶኛል ልጄ፣ እጅህ ይባረክ አለችኝ። እናቴ ናትና አመንኳት። ከቀብሯ ማግስት መሳቢያውን ስናጸዳ ጥርሱን በዚያው መሐረብ ተጠቅልሎ አገኘነው። እዚህ ምን ይሠራል ስልሽ፣ አንተ ስትመጣ ብቻ ነበር የምታደርገው፣ ያቆስላት ነበር አልሽኝ። ለምን አልነገራችሁኝም ስልሽ ደስ እንዲልህ ብላ ነው አልሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ። የአፏ ቅርጽ በጄሶ ተቀርጾ መደርደሪያዬ ላይ ነበር፤ ተመልሼ እዚያ ላይ አስነከስኩት። በግራ በኩል ሁለት ጥርስ ከፍ ብሏል። የአስር ደቂቃ ሥራ ነበር። ቁጭ ብዬ ሞረድኩት። ለማን እንደሞረድኩት እንጃ።

እና ለመጽሐፉም ሰማያዊ ወረቀት ፈለግኩለት። አሳታሚው ለእኔ ከሰጠኝ ቅጂ አስራ ሁለቱን አውጥቼ፣ አስራ ሁለት ባለላጲስ እርሳስ ገዝቼ ለአስራ ሁለት ሰው አደልኩ። አስተያየት አልፈልግም አልኳቸው። ምስጋናም ይቅርብኝ። ማንበብ ያቆማችሁበት ቦታ ላይ፣ እንቅልፍም ይምጣ፣ እንግዳም ይምጣ፣ ይሰልቻችሁ፣ በገጹ ዳር አንድ ነጥብ አድርጉና መጽሐፉን መልሱልኝ። ስም አይጻፍ። ሽፋኑ ውስጥ በቁጥር እንደለየኋቸው ግን አልነገርኳቸውም። አንዱ ቅጂ፣ ቁጥር አስራ ሁለት፣ በፖስታ ለአንቺ የላክሁት ነው።

መጀመሪያ ስምንቱ ተመለሱልኝ። በአንድ ትንፋሽ የጨረሰው አስተማሪ አስራ አራተኛው ገጽ ላይ አንድ ነጥብ አድርጓል፤ ከዚያ ወዲያ ገጾቹ እንደታተሙ ተጣብቀው ነበር። አክስታችን የትምህርት ቤት ፈተና መስሏት ነው መሰለኝ በየገጹ መጨረሻ አንዳንድ ነጥብ ደርድራለች፣ ባዶዎቹም ገጾች ሳይቀሩ። ሐኪሟ እንኳ ሠርቪስ ውስጥ ብቻ እንደምታነብ ያስታውቅባታል፤ ነጥቦቿ እኩል እኩል ተራርቀው፣ ሁሉም መንገድ ያነቃነቃቸው ናቸው።

ከልባቸው ያነበቡት አምስት ሰዎች ነበሩ። አምስቱም የየራሳቸው ነጥብ አላቸው፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ። አንድ ቦታ ላይ ግን አምስቱም ቆመዋል። ምዕራፍ ዘጠኝ፣ ሰማንያ ስምንተኛው ገጽ። እናታችን የምታርፍበት ምዕራፍ።

መጀመሪያ ደስ ሊለኝ ነበር። አልቅሰው ነው ያቆሙት ብዬ ነዋ። አንዱን ስጠይቀው አዎ ከበደኝ አለኝ። ሌላዋ ስልክ ተደውሎብኝ ነው አለች። ሦስተኛው ነጥብ ማድረጉንም ረስቶታል። እኔም እንግዲህ ጥሩ ቦታ ነው ማለት ነው ብዬ ልተወው ነበር።

ከአምስቱ አንዷ የጥርስ ደንበኛችን ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ታይፒስት። ሠላሳ ዓመት የምስክር ቃል ሲጽፉ የኖሩ ሴት ናቸው። ጥርሳቸውን ሊሞክሩ መጥተው እኔ ጠረጴዛ አጠገብ ሲጠብቁ፣ አንዴ ብቻ ልጠይቅዎት፣ ሰማንያ ስምንት ላይ ለምን አቆሙ አልኳቸው። ጥርስ በአፋቸው ስላልነበረ እጃቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ነው የመለሱልኝ። አላመንኩትማ ልጄ፣ አሉ። ልጁ እዚያ አልነበረም።

እንዴት ብዬ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ ሁሉ ቀጠሉ። እዚያ ያልነበረ ምስክር ሁሉን በተራ ይናገራል፣ ይኼም ልጅ የመጋረጃውን ቀለም ያውቃል፣ ሰዓቱን ያውቃል፣ ፀሐይዋ የቱ ጋ እንደወረደች ያውቃል። ሁለት ገጽ ሙሉ የእናቱን እጅ ይዞ ተቀምጧል። እጇ ይሞቅ ይሁን ይቀዝቅዝ ግን አንድም ቦታ አላለም። እጅ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያውቀው እሱን ነው፣ አሉኝ። ከዚያ ጥርሳቸውን ተቀብለው ገጠሙትና ግራው ትንሽ ያመኛል አሉ። ተመችቶኛል ያላሉኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናቸው።

እትዬ፣ ምዕራፍ ዘጠኝ ምን እንደሚል አንቺ ታውቂያለሽ፣ ግን ከእኔ አፍ ስሚው። በመጽሐፉ ውስጥ ልጁ ይደወልለታል፣ የመሞረጃውን ሞተር ሳያጠፋ ይሮጣል፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይደርሳል። የእናቱ ዓይን ያኔ ደክሟል፣ ማየት ትታለች። አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጥና እጇን ይይዛል። እናቱ እጄን የያዘው ማነው ብላ ትጠይቃለች። እኔ ነኝ ይላታል። ከዚያ በሰላም ታርፋለች። አንቺ የት ነሽ? ኩሽና ውስጥ። ውሃ እያፈላሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስታጥቢያት፣ ስታገላብጫት፣ ልብሷን ስትቀይሪላት የኖርሽውን ሴት፣ ወንበሩን ለራሴ ፈልጌው ኩሽና አስቀመጥኩሽ።

አሁን የሆነውን ልጻፍ። ያን ቀን የዘገየሁት መኪና ተበላሽቶ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር የደወልሽው። አሁን ከተነሳህ ትደርሳለህ አልሽኝ። ድምፅሽ አልተንቀጠቀጠም። ሐኪሟ ሰምታ ቦርሳዬን ከማንጠልጠያው አውርዳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ ሂድ፣ ሥራውን ሌላ ሰው ያደርሰዋል አለችኝ። በማግስቱ ልጃቸውን የሚድሩ ሰውዬ ሙሉ ጥርስ ነበር በእጄ የነበረው። ትንሽ ይቀረኛል አልኳት። ምንም አይቀረኝም ነበር። አልቋል። ያለቀ ጥርስ ቁጭ ብዬ ስወለውል አራት ሰዓት አሳለፍኩ። መጀመሪያ በብሩሽ፣ ቀጥሎ በጨርቅ፣ ከዚያ እንደገና በብሩሽ። ሐኪሟ ሁለት ጊዜ መጥታ አየችኝ። ፈርቼ ነው። ሌላ ስም የለውም። እኔ ሳላያት የማትሞት መሰለኝ፣ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ።

በሰባት ሰዓቱ አውቶቡስ መጣሁ። አስር ሰዓት ላይ ስደርስ አንቺ በር ላይ ቆመሽ ነበር። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አረፈች አልሽኝ። እኔ ስለ ተበላሸው መኪና ማውራት ጀመርኩ፤ ስለ ጎማው፣ ስለ ረዳቱ፣ መንገድ ዳር ስለጠበቅንበት ሱቅ። ሁሉን በተራ ነገርኩሽ። አንቺ እጄን አየሽው። ጥፍሮቼ ስር የመወልወያው ነጭ ዱቄት ነበር። ግባ፣ ታጠብ፣ ውሃ አለ አልሽኝ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ስለሱ አንስተን አናውቅም። ቀብሩ ላይ ሰው ሲያለቅስ የማየው አፉን ነበር፤ ማን ስንት ጥርስ እንደጎደለው እቆጥር ነበር። አላለቀስኩም። ሰው ጠንካራ ነው አለኝ፣ እሱም አንድ ምስጋና ነው።

የአንቺ ቅጂ ታይፒስቷ በመጡ በሳምንቱ ደረሰኝ። ከላዩ ላይ በንድፍ ወረቀትሽ ቁራጭ፣ መጽሐፍህ ጥሩ ነው፣ የሚነቀፍ አላየሁም፣ በርታ ብለሽ ጽፈሻል። ከፍቼ ገለጥኩት። አንድም ነጥብ የለውም። ያላነበብሽው መሰለኝና፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀለል አለኝ። ከዚያ ግን ገጾቹን አየሁ፤ ሁሉም ለስልሰዋል፣ ዳራቸው በጣት ወዝ ተነክቷል። እርሳሱንም መልሰሽልኝ ነበር፣ ላጲሱ በአንድ ጎኑ አልቆ።

ሰማንያ ስምንትን ገለጥኩና አውራ ጣቴን በዳሩ ላይ አሳለፍኩት። ይኼ ጣት የሚከፈለው ዓይን የማያየውን ሻካራ እንዲያገኝ ነው። እጄን የያዘው ማነው ከሚለው መስመር አጠገብ ወረቀቱ ጎድጉዷል። ጄሶ ላይ ጭረት ስፈልግ እንደማደርገው መስኮት አጠገብ ወስጄ አጋደልኩት። አጥፍተሽዋል፣ ግን ስትጽፊው በጣም ተጭነሽ ነበር። ሦስት ቃል ነው።

አንተ ነህ አልኳት።

ሐኪሟ መጥታ ምን አገኘህ አለችኝ። ምንም አልኳት። መጽሐፉን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ የያዝኩትን ጥርስ ሞረድኩ። ጥርሱ ሳይሆን ጣቴ መሆኑን ያወቅኩት ደም ሳይ ነው። ብዙ አይደለም፣ አትደንግጪ፣ ድኗል። አመመኝ። ይኼን የምነግርሽ ከረጅም ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ስለሆነ ነው።

እኔ ያንን መስመር ከራሴ የፈጠርኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ በእውነት ጠይቃሻለች። ስጽፈው ቃሉ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አንቺም ነግረሽኝ አታውቂም። አሁን ቁጭ ብዬ የማስበው ሌላ ነገር ነው። እናታችን በአንቺ እጅ ሦስት ዓመት ስትታጠብ፣ ስትጎርስ ኖራለች። መርፌ ያጠነከረውን ጣትሽን አታውቀውም ብለሽ ነው? እጇን የያዝኩት እኔ እንደሆንኩ ስትነግሪያት አምናሽ ይሆን? ወይስ እንደ ጥርሱ፣ ለአንቺ ብላ፣ ተመችቶኛል አለች?

ምዕራፍ ዘጠኝን አውጥቼዋለሁ። በምትኩ ያለቀ ጥርስ የሚወለውል ሰው እየጻፍኩ ነው። እስካሁን ሦስት ገጽ ሆኗል፣ ደረቅ ነው፣ ማንም አያለቅስበትም። ወንበሩ ላይ አንቺን አስቀምጬሻለሁ፣ ኩሽናው ውስጥ ማንም የለም። ነገር ግን ወንበሩ አጠገብ ስደርስ ብዕሬ ይቆማል፤ ታይፒስቷ ጎደለ ያሉትን አላውቀውምና። አንቺ አይሆንም፣ አትጻፈው ካልሽኝ አልጽፈውም። አሳታሚውን ተወው እለዋለሁ፣ መጽሐፉም እዚያው ይቅር። እንደ ወትሮው ምንም አይደለም ብለሽ ግን አትሸኚኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ቁጥር አስራ ሁለትን መልሼ ልኬልሻለሁ። እርሳሱም አብሮ አለ። ላጲሱን በጉጠት ነቅዬዋለሁ። ሰማንያ ስምንት ላይ፣ እዚያው በጎደጎደው ቦታ፣ አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ። እጇ ይሞቅ ነበር ወይስ ይቀዘቅዝ ነበር?

ጉልበትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። ዓይንሽ የመርፌ ቀዳዳ ማየት አይሰልች፣ መኪናሽም ክር መበጠሷን ትተው። ቤትሽ ሰላም ይሁን፣ በርሽ ላይ የሚቆም ሁሉ በጊዜ የደረሰ ይሁን። እጅሽ ይባረክ።

በሰባት ሰዓቱ አውቶቡስ የመጣው ወንድምሽ።